የድሮዎቹ ስደተኞች ቋንቋቸውን በር ላይ ጥለው ነው ወደ አሜሪካ የገቡት?

የቅዳሜ አስተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ፊደል አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ልጆቹ ሀ ሁ ሲሉ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ «እህቴ፣ ድካምሽን አከብራለሁ። ነገር ግን ጀርመኑም ጣሊያኑም ቋንቋውን በር ላይ ጥሎ ነው እዚህ አገር የገባው። ልጆቹ ሰው የሆኑት ለዚህ ነው። እኛ ምን እናገኝ ብለን ነው ልጆቻችንን በሁለት ቋንቋ የምናስጨንቀው?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ ቀን ልጁን የሚያመላልስ ትጉ አባት ነው። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ሲቆረቁረኝ ሰነበተ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የማነበው ሁሉ ስለዚሁ ጉዳይ ሆነ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከጀርመኖቹ ልጀምር። በር ላይ ምንም አልጣሉም። አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ በ1751 ኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን «ፔንሲልቬኒያ የባዕዳን አገር ልትሆን ነው፤ እኛን በመምሰል ፈንታ እኛን ጀርመን ሊያደርጉን ነው» የሚል ስጋቱን ጽፎ ነበር። ከእሱ በኋላም ጀርመንኛው ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቆየ። የኦሃዮ ግዛት በ1839 ባወጣችው ሕግ ወላጆች ከጠየቁ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጀርመንኛ እንዲያስተምር ፈቀደች፤ የሲንሲናቲ ከተማም በማግስቱ ዓመት ጀመረች። በከተማዋ መካከል ያልፍ የነበረውን ቦይ ሰዉ በአውሮፓው ወንዝ ስም «ራይን» ይለው ስለነበር፣ ከቦዩ ማዶ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ «ኦቨር ዘ ራይን» ይባላል። ሱቁ፣ ጋዜጣው፣ ስብከቱ፣ መዝሙሩ በጀርመንኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ ያደጉት ልጆች እኮ አሜሪካውያን ነበሩ! በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ወገን ደማቸውን ያፈሰሱት እነሱው ናቸው።

ታዲያ ያ ሁሉ መቼ ጠፋ? አሜሪካ በ1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገባ። የአዮዋው አገረ ገዥ ዊሊያም ሃርዲንግ በግንቦት 1918 ባወጣው አዋጅ በትምህርት ቤት፣ በሕዝብ አደባባይ፣ በባቡር ላይ፣ በስልክም ሳይቀር ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ከለከለ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አምላኩን በቤቱ ያምልክ ተባለ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በኢሊኖይ ግዛት ኮሊንስቪል በምትባል ከተማ፣ ሮበርት ፕራገር የተባለውን ጀርመን ተወላጅ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሰዎች ተሰብስበው በስቅላት ገደሉት። በሲንሲናቲ «የጀርመን ጎዳና» ይባል የነበረው መንገድ ስሙ «የእንግሊዝ ጎዳና» ሆነ።

ይህ በር ላይ መጣል ነው? እኔ የማየው ቤት ድረስ ገብቶ መቀማት ነው። ለዚያ አባት ይህን ልነግረው እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ወገን ብቻ አንብቤ እንዳልሳሳት ፈራሁ። የምታውቁትን አካፍሉኝ።


የሒሳብ ሰው፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ልቤንም ነክቶታል። ነገር ግን የመረጥሽው ምሳሌ ለአንቺ የሚመች ነው። ጀርመኖቹ ብዙ ነበሩ፤ መሬት ነበራቸው፤ ቀድመው የመጡ ነበሩ። ከ1880 እስከ 1920 ድረስ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አሜሪካ ገብቷል። በ1907 ብቻ በኒው ዮርክ ወደብ ባለችው የስደተኞች መቀበያ፣ በኤሊስ ደሴት በኩል ያለፈው ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ሲሲሊያዊው፣ ፖላንዳዊው፣ ከሩሲያ ግዛት ስደት ያባረረው አይሁዳዊ፣ ግሪኩ፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ሰፈር ተፋፍጎ ሲኖር፣ አንድ የጋራ ቋንቋ ባይኖር ኖሮ ማን ከማን ጋር ይነጋገር ነበር?

ፊሊክስ ፍራንክፈርተርን እንውሰድ። በ1894 ከቪየና ሲመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም። የኒው ዮርክ አስተማሪው ለክፍሉ ልጆች፣ ከእሱ ጋር ጀርመንኛ ሲናገር የተገኘ ቅጣቱን እንደሚያገኝ አስጠነቀቀቻቸው። ኋላ ላይ ይህን ሲያስታውስ በምስጋና እንጂ በቅሬታ አልነበረም። በነጻ በሚያስተምረው ሲቲ ኮሌጅ ተምሮ፣ ሃርቫርድ ሕግ አጥንቶ፣ በ1939 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ያ ጥብቅነት ባይኖር የት ይደርስ ነበር?

በቁጥርም ልናገር። ራን አብራሚትስኪና ሊያ ቡስታን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የድሮውን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ እያገናኙ የቤተሰቦችን ታሪክ ተከትለዋል። በድህነት የመጡት ወላጆች እድሜያቸውን ሙሉ ከአገሬው ሰው ጋር ብዙም አልተስተካከሉም። ልጆቻቸው ግን በተመሳሳይ ድህነት ካደጉት የአገሬው ልጆች አልፈው ሄዱ። ልጆቹን ያሻገራቸው ትምህርት ቤቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትምህርት ቤቱም የሚናገረው እንግሊዝኛ ነበር። ያ አባት ሁሉን አልተሳሳተም።


መካኒኩ፦

ልጆቼ፣ እኔ ሚሺጋን ከመጣሁ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እድሜዬን ያሳለፍኩት መኪና ስር ነው። ስለዚህ ስለ ፎርድ ፋብሪካ ልንገራችሁ።

በጥር 1914 ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኞቹ የቀን አምስት ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ዓለምን አስደነቀ። የገንዘቡ ግማሽ ያህል ግን ደመወዝ ሳይሆን የትርፍ ድርሻ ነበር፤ ድርሻውን ለማግኘት ሠራተኛው ኑሮው መመርመር ነበረበት። ከፋብሪካው የተላኩ መርማሪዎች ቤት ድረስ እየሄዱ፣ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ፣ ደባል አስገብቶ ያኖራል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛ የማይችለው ሠራተኛ ደግሞ ፋብሪካው በከፈተው ትምህርት ቤት እንዲማር ይገደድ ነበር።

የምረቃው በዓል እስከ ዛሬ ይወራል። መድረኩ ላይ ትልቅ መርከብ ይሠራል፤ ከፊቱ ግዙፍ ድስት ይቀመጣል። ተመራቂዎቹ የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው፣ ጓዛቸውን አንጠልጥለው ከመርከቡ እየወረዱ ድስቱ ውስጥ ይገባሉ። አስተማሪዎቹ በረጃጅም ማማሰያ ያማስላሉ። ከዚያ ሰዎቹ አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ይዘው ይወጣሉ። ሰውን እንደ ወጥ!

ግን እኔን ከዚህ የበለጠ የነካኝ ሌላ ነው። በዚያው በጥር 1914፣ ከስምንት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ የግሪክና የሩሲያ ሠራተኞች አንድ ቀን ከሥራ ቀሩ። ፋብሪካውም አባረራቸው። ለምን እንደቀሩ ታውቃላችሁ? በእነሱ አቆጣጠር ልደት ነበር። እኛም ታኅሣሥ 29 ብለን የምናከብረው ያው ገና! አሜሪካን አገራችን ካሉ የአሜሪካን በዓል ያክብሩ ተባለ። እኔም እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ለገና አንድ ቀን ፈቃድ ስጠይቅ የጋራዡ ኃላፊ «ገና እኮ አልፏል» ብሎ ከለከለኝ። በማግስቱ ማልጄ ሥራ ገባሁ፤ ቅዳሴው ግን ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ ነበር። ስለዚህ ያን የመቶ ዓመት ወሬ ሳነብ እነዚያን ግሪኮች እንደ ወንድሞቼ ነው ያየኋቸው።

የሒሳብ ሰው ያለውን አልጠላሁትም። እንግሊዝኛ እንጀራ ነው። ለእንጀራው ሲባል ገናን መንጠቅ ግን ምን የሚሉት ትምህርት ነው?


የአያቴ ስም፦

ስለ ስም የተነሳ ሰው ስለሌለ እኔ ላንሳው። ሁላችንም የሰማነው ተረት አለ፤ በኤሊስ ደሴት የተቀመጠው ጸሐፊ የስደተኛውን ስም መጥራት ሲያቅተው በገዛ ፈቃዱ ቆራርጦ ሌላ ስም ሰጠው የሚል። እንደዚያ አልነበረም። የደሴቱ ሠራተኞች የሚሠሩት መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተጽፎ በመጣው የመንገደኞች መዝገብ ላይ ነው፤ አስተርጓሚዎችም ነበሯቸው። ስሙ የተቀየረው ኋላ ነው፤ ሥራ ሲፈለግ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ዜግነት ሲጠየቅ። የ1906ቱ የዜግነት ሕግ ራሱ፣ ሰው ዜጋ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ስሙንም አብሮ እንዲቀይርለት ይፈቅድ ነበር። በዚያው ሕግ ዜጋ ለመሆን እንግሊዝኛ መናገርም ግዴታ ሆነ።

ይህ እርማት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ከተረቱ ይልቅ የሚያሳዝነው እውነቱ ነው። ምክንያቱም ስሙን የቀየረው ጨካኝ ጸሐፊ ሳይሆን፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ያፈረው ሰውዬው ራሱ ነው።

ሊዮናርድ ኮቬሎ የተባለ ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ከደቡብ ጣሊያን ኒው ዮርክ የመጣ። የቤተሰቡ ስም ኮቪዬሎ ነበር። አስተማሪው ለመጥራት ይቀላል ብላ አንዲት ፊደል አወጣችና በዚያው ተጻፈ። የውጤት ካርዱን አባቱ አይቶ ተቆጣ። ልጁ «ምን ለውጥ አለው፣ እንዲያውም አሜሪካዊ ይመስላል» ሲል፣ እናቱ የሰው ሕይወትና ክብር በስሙ ውስጥ ነው፣ ስም እንደ ሸሚዝ አይለወጥም ብላ ተሟገተች። ስሙ ግን ኮቬሎ ሆኖ ቀረ። ያ ልጅ አድጎ አስተማሪ ሆነ። በ1934 በምሥራቅ ሃርለም የተከፈተው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሲሆን፣ በሩን ለወላጆች ከፈተ፤ ጣሊያንኛም እንደ ፈረንሳይኛና እንደ ጀርመንኛ ተከብሮ በኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ለዓመታት ታግሏል። ከቤታቸው ያፈሩ ልጆች ትምህርትንም ሲጠሉ አይቷልና።

እኛም በስም ጉዳይ ምን ያህል እንደተቸገርን ታውቃላችሁ። የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ በአባት ስም ነው የምንጠራው። እዚህ ግን ልጄ በአባቴ ስም ይጠራል፤ ትምህርት ቤት ስሄድ እኔንም «ሚስተር» ብለው የሚጠሩኝ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ቢሰማ ምን ይል ይሆን እያልኩ አስባለሁ።


ሕግ ተማሪ፦

እስካሁን የተወራው ሁሉ በሩ ስለተከፈተላቸው ሰዎች ነው። «ቋንቋውን የጣለ ሰው ሆነ» ለሚሉ ግን አንድ ሰው አለኝ። ስሙ ታካኦ ኦዛዋ ይባላል።

ኦዛዋ ጃፓን ተወልዶ በ1894 ካሊፎርኒያ ገባ። በርክሌይ ሁለተኛ ደረጃ ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲም ገባ፤ ከዚያ ሃዋይ ሄዶ ኖረ። በቤቱ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነበር። ልጆቹን የላካቸው የአሜሪካ ትምህርት ቤትና የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያ አባት የሚመኘውን ሁሉ ፈጽሟል። በ1914 ዜግነት ጠየቀ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በኅዳር 1922 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉ። ምግባሩ ምንም እንከን እንደሌለው አልተካደም። ነገር ግን የ1790ው ሕግ ዜግነትን ለ«ነጻ ነጮች» ብቻ ነበር የፈቀደው፤ ከ1870 ወዲህ ደግሞ አፍሪካዊ ዘር ላላቸው ተጨምሮ ነበር። ኦዛዋ ከሁለቱም አይደለም ተባለ። በማግስቱ ዓመት ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ሕንዳዊም ተመሳሳይ ፍርድ ተፈረደበት፤ እሱ እንዲያውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሶ ያገለገለ ሰው ነበር።

ቻይናውያኑማ ከ1882 ጀምሮ ሠራተኛ ሆነው መግባትም ተከልክለዋል፤ ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ባለችው ኤንጀል ደሴት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተዘግቶባቸው ሲቆዩ፣ በእንጨት ግድግዳው ላይ የጻፉትና የቀረጹት ግጥም ዛሬም ይነበባል።

1924 ላይ ደግሞ በሩ ለብዙዎች ተዘጋ። አዲሱ የኮታ ሕግ ከየአገሩ የሚገባውን ሰው በ1890 ቆጠራ ከነበረው ተወላጅ ሁለት በመቶ አደረገው። 1890ን የመረጡት ጣሊያኑና ምሥራቅ አውሮፓዊው ገና በብዛት ሳይመጣ የነበረውን ዘመን ለመመለስ ነው። ለትንንሾቹ አገሮች ዝቅተኛው ልክ በዓመት 100 ሰው ነበር፤ በዝርዝሩ ላይ «ኢትዮጵያ (አቢሲኒያ)» ከ100 ጋር ተጽፋ ትገኛለች። ይህ ሥርዓት እስከ 1965 ቆየ። እዚህ ተሰብስበን የምንወያየው አብዛኞቻችን፣ ያ ሕግ ባይሻር ኖሮ የት እንሆን ነበር?

ወንድሜ የሒሳብ ሰው፣ ስለ ፍራንክፈርተር ያልጨመርከው ነገር አለ። በ1940 የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም ብለው ከትምህርት ቤት ሲባረሩ፣ ማባረሩን ደግፎ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የጻፈው እሱ ነው። ያ ትምህርት ቤት ያሳደገው ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላውን ልጅ ሲያስገድድ አልታየውም። ፍርድ ቤቱ ራሱ በሦስት ዓመቱ ውሳኔውን ገለበጠው፤ ፍራንክፈርተር ያኔም ተቃወመ።


እናት ነኝ፦

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እኔ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ ነጠላዬን መኪና ውስጥ እንድተው ትለምነኛለች፤ ጓደኞቿ ፊት በአማርኛ ስጠራት ፊቷን ታዞራለች። በድሮ ጊዜ የነበሩ እናቶችስ እንዲህ ሆነው ነበር? ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር አለ?


ጋዜጣ አንባቢ፦

እትዬ፣ አለ። ለዚህ ጥያቄ ስል ነው ዛሬ የምጽፈው።

በ1889 ጄን አዳምስ የምትባል ሴት ከጓደኛዋ ጋር ቺካጎ ውስጥ ስደተኞች በበዙበት ሰፈር ሃል ሃውስ የሚባል ቤት ከፈተች። መዋያ፣ ማታ ትምህርት፣ የልብስ ስፌት፣ የምግብ አሠራር ትምህርት ነበረው። አዳምስ ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ልጆቹ እንግሊዝኛ በተማሩ መጠን ወላጆቻቸውን እየናቁ ሄዱ። ስለዚህ በ1900 በዚያው ቤት የእጅ ሥራ ሙዚየም ከፈተች፤ የየአገሩ እናቶች በየአገራቸው ስልት ሲፈትሉና ሲሸምኑ ሰው የሚያይበት።

እዚያ የምግብ አሠራር ትምህርት የምትማር አንዲት የጣሊያን ልጅ ነበረች። እናቷ በዚያው ምሽት ሙዚየሙ ውስጥ ትፈትላለች። ልጅቷ ግን እናቷን ዋናው በር ላይ ትታ፣ ዞራ በጎን በር ትገባ ነበር። ሻሽ ያሰረች፣ ከባድ ጫማ የተጫማች ገበሬ እናት ልጅ መሆኗን ሰው እንዳያውቅባት። አንድ ማታ ታዲያ እናቷን በእንግዶች ተከብባ አየቻት። የመምህራን ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው፤ በእጇ ያለውን እንዝርት እያዩ ይደነቃሉ። ልጅቷ አዳምስን ጠየቀች፤ እናቷ በአሜሪካ ካሉት በእንዝርት ከሚፈትሉ ሴቶች ሁሉ የምትበልጥ መሆኗን ሰማች። ከዚያ በኋላ ከእናቷ ጋር በአንድ በር መግባት ጀመረች። አዳምስ ራሷ የጻፈችው ነው።

እንዝርት እኮ ነው! የእኛ እናቶች ጭን ላይ የሚሽከረከረው።

የሁሉም ሰው አቀራረብ ግን እንዲህ አልነበረም። ካሊፎርኒያ በ1915 ባወጣችው ሕግ አስተማሪዎች ወደ ስደተኞች ቤት እየሄዱ እናቶችን እንግሊዝኛ፣ ንጽሕናና የቤት አያያዝ እንዲያስተምሩ አደረገች። በጎ ሐሳብ ነበረበት፤ ግን አስተማሪዋ ልታስተምር እንጂ ልትማር አልሄደችም።

እኔ በግሌ ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ ያሻገረው በገዛ ቋንቋው የሚታተም ጋዜጣ ነው ባይ ነኝ። ኒው ዮርክ ይታተም የነበረው፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ በዪዲሽ የሚጻፈው ጋዜጣ «ፎርቨርትስ» ከ1906 ጀምሮ የአንባቢዎችን የችግር ደብዳቤ እየተቀበለ ምክር ይሰጥ ነበር። ባሏ ጥሏት የሄደው፣ ልጇ የማይታዘዛት፣ ከሌላ እምነት ሰው የወደደችው፣ ሁሉም ይጽፋል። ቀደም ሲል በ1903 አንድ አባት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ይህ ሞኝነት ነው ብሎ ሲያማርር፣ አዘጋጁ አብርሃም ካሃን ልጁን ይጫወት ብሎ መለሰለት፤ በገዛ አገሩ ባዕድ ሆኖ እንዳያድግ። በ1909ም ጋዜጣው ሜዳውን በሥዕል አስደግፎ ጨዋታውን በዪዲሽ አብራራ። አሜሪካን ያስተማሯቸው በእናታቸው ቋንቋ ነበር ማለት ነው።


የሒሳብ ሰው፦

ኦዛዋን አላውቀውም ነበር። ቁጥር ሳይ የኖርኩት ሰው ቆጠራው ውስጥ እንዲገቡ ያልተፈቀደላቸውን አላየሁም፤ ሕግ ተማሪ፣ ትክክል ነህ። ጋሽ መካኒኩ ያነሱትንም የገና ነገር ለባለቤቴ ነግሬያት ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን።

በአንድ ነገር ግን አልላቀቅም። በ1912 በማሳቹሴትስ ሎረንስ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ደመወዝ ሲቀነስባቸው አድማ መቱ። ከብዙ አገር የመጡ ነበሩ፤ የተግባቡት ንግግሩ ለእያንዳንዱ ወገን እየተተረጎመ ነው። አሸንፈውም ደመወዛቸው ተጨመረ። ይህን የምታነሱልኝ ካላችሁ ቀድሜ ላንሳው። በአስተርጓሚ አድማ መምታት ይቻላል፤ በአስተርጓሚ ግን ሐኪም መሆን አይቻልም። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ከማንም አንሰው እንዳይዙ አደራ።


የቅዳሜ አስተማሪ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ እንግሊዝኛውን በተመለከተ በመካከላችን ጠብ የለም። የእኔ ተማሪዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ እንግሊዝኛ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከእኔ ጋር የሚቆዩት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ስታዘጋጁልኝ በሰነበታችሁት ላይ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1919፣ የነብራስካ ግዛት ስምንተኛ ክፍልን ላላለፈ ልጅ ማናቸውንም የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ወንጀል አደረገች። ሃምፕተን በምትባል ትንሽ መንደር በአንድ የሉተራን ትምህርት ቤት ሮበርት ሜየር የሚባል መምህር ነበር። በግንቦት 1920 ለአንድ የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ማንበብ ሲያስተምር ተገኘ፤ መጽሐፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ስብስብ ነበር። ሃያ አምስት ዶላር ተቀጣ። አልከፍልም ብሎ ይግባኝ አለ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናበት። ወደ ዋሽንግተን ወሰደው። በሰኔ 1923 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደለት፤ መምህሩ የማስተማር፣ ወላጆችም ለልጃቸው አስተማሪ የመያዝ መብት አላቸው ብሎ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ያለ ፍርሃት ፊደል ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እነዚያ ሃያ አምስት ዶላር ስላልተከፈሉ ነው። ይህን ሳነብ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ማርከስ ሊ ሃንሰን የሚባል የታሪክ ምሁር በ1937 ባደረገው ንግግር፣ ልጅ ሊረሳ የሚፈልገውን የልጅ ልጅ ሊያስታውስ ይፈልጋል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ይጽናናል። እኔን ግን ያስፈራኛል። የልጅ ልጁ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚመልስለት ሰው የለም፤ ቋንቋው ከአያቱ ጋር ተቀብሯል። የሚያገኘው የምግቡን ስምና የበዓሉን ቀን ብቻ ነው።

ለዚያ አባት ትናንት ስለ ኦዛዋና ስለ ሜየር ነገርኩት። ብዙ አልተናገረም። «መምህሩ ቅጣቱን ለመክፈል ገንዘብ አጥቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። ልጁን ይዞ ሄደ። ቅዳሜ ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

እናት ነኝ፣ ልጅሽ የምትማረው እኛ ጋ ካልሆነ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ይዘሻት ብትመጪ ደስ ይለኛል።


እናት ነኝ፦

ከእኔ ቤት እስከ እናንተ አርባ ደቂቃ ነው፤ እንመጣለን። የእናቴ እንዝርት አለኝ። ስመጣ ሻንጣ ውስጥ ለመታሰቢያ ከትቼው ነው፤ መፍተል ግን አልረሳሁም። ይዤው ልምጣ? ባዘቶ ግን የለኝም።


የቅዳሜ አስተማሪ፦

አምጪው! የምንጀምረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። አድራሻውን በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። ነጠላሽንም መኪና ውስጥ እንዳትተዪ።


መካኒኩ፦

ባዘቶ ባለቤቴ ጋ አለ፤ ባለፈው ዓመት ከጎንደር አምጥታ ነበር። ነገ ጠዋት በፖስታ እልካለሁ፤ ለቅዳሜ ይደርሳል።